ሆራ የጠጣችው መኪና

አባቴ ለወራት የመኪናዋን ራዲያተር የሆራ ውሃ ሲሞላው ከርሞ፣ ሐሙስ ዕለት ሙሽሮቹን እንደያዘች ወደ ጌዶ በሚወጣው ዳገት ላይ ሞተሯ ነደደ። ቅዳሜ ሲነጋ ጥፋቱ የዲንሳ ሆኖ አደረ።

ይህን የሰማሁት ከአልጋዬ ሳልነሳ ነው። ቤታችን ኔትወርክ የሚይዘው ግቢ ውስጥ ካለው አቮካዶ ሥር ብቻ ስለሆነ አባቴ በስልክ የሚያወራው ሁሉ በእኔ መስኮት በኩል ያልፋል። እጃጂ ካለ እንጨት ነጋዴ ጋር ነበር የሚነጋገረው። «ባህር ዛፉ ደርሷል አይደል? ... ኤረ ለአጣና አይደለም፣ ለቋሚ የሚሆን ነው! ... አዎ፣ የእህቴ ባል የተከለው። ... ልጁን ተወው፣ ልጁ ከእኔ ቃል አይወጣም።» እናቴ ከኩሽና ብቅ ብላ «ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል» አለችው። ምን እያደረግህ ነው አላለችውም።

ባህር ዛፉ የዲንሳ ነው። ዲንሳ የአባቴ እህት ልጅ ነው፣ የመኪናዋም ሾፌር። ከጓሯችን ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ያድራል፣ ከእኛ ጋር ይበላል፣ በወሩ መጨረሻ ደግሞ አባቴ «ለኪስህ» የሚለውን ይሰጠዋል። ደመወዝ ተብሎ ተጠርቶ አያውቅም። አባቱ ከመሞቱ በፊት እጃጂ ከቤታቸው ጀርባ የተከለለት ዛፍ ዘንድሮ ለቆረጣ ደርሷል። ዲንሳ ዛፉን ሸጦ ለባጃጅ ቅድሚያ ክፍያ ሊያደርገው ነው። ባጃጅ ከያዘ የሰው መኪና አይነዳም፣ በሰው ጓሮም አያድርም። ይህን እቤታችን ውስጥ የማያውቅ የለም። አባቴ ራሱ ባጃጁ ሰማያዊ ይሁን ቀይ እያለ ሲቀልድበት ከርሟል።

መኪናዋ ለሠርግ የምትከራይ ቅንጡ ናት። መቀመጫዋ ቆዳ ነው፣ ጣሪያዋ ይከፈታል፣ በሯ ሲዘጋ ድምፅ የለውም። አባቴ ሠላሳ ዓመት የነገደባቸውን ከብቶች የመጨረሻ ድልቦችና የጌዶውን ቤት ሸጦ ከአዲስ አበባ ሲያመጣት ደላላው «የሐኪም ሚስት ብቻ የነዳቻት ናት» ብሎት ነበር። የሐኪሙ ሚስት ምን ስትሠራባት እንደኖረች አላውቅም። አምቦ በገባች በወሯ የመሪ ዘይቷን ማፍሰስ ጀመረች። ቀጥሎ የሞተር መብራት በራ፤ እሱን ለማጥፋት ጣት የምታክል ሴንሰር ተገዛች፣ መብራቱ ጠፋና በሳምንቱ ሌላ መብራት በራ። ማታ ማታ ዳሽቦርዷ የቡና ቤት መግቢያ ይመስል ነበር። ከዚያ ኮብልስቶኑ አሞርዛተሮቿን ጨረሰ። ከዚያ የሚከፈተው ጣሪያ አልዘጋ አለ፤ በዝናብ ቀን ከሙሽራ አበባው ሥር ላስቲክ እናነጥፍለታለን። አባቴ የሚያሰላው በከብት ነው፤ ሴንሰሯ አንዲት ጊደር፣ የመሪው ፓምፕ አንድ በሬ፣ አሞርዛተሮቹ ጥንድ በሬ። አንድ ምሽት እራት ላይ ሲያሰላ ቆይቶ «ይቺ መኪና ሥጋ ትበላለች» አለ። ቢሆንም ጥር ሲገባ ከአምቦ እስከ እንጭኒ ያለች ሙሽራ ሁሉ እሷን ነው የምትፈልገው፤ ስለዚህ አልሸጣትም።

ሆራ የከብት ውሃ ነው። ከመሬት እየተንተከተከ ይወጣል፣ ይጎመዝዛል፣ ጨው ጨው ይላል። አባቴ በንግዱ ዘመን በሬዎቹን ሆራ ሳያጠጣ ገበያ አውጥቶ አያውቅም፤ የጠጣ በሬ ፀጉሩ ያብለጨልጫል፣ ዋጋውም ይጨምራል። የራዲያተሩን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ዋጋ የሰማ ዕለት «ቀለም የነከሩትን ውሃ በዚህ ብር?» አለና ቢጫ ጄሪካን ይዞ ወደ ሆራው ወረደ። ከዚያ በኋላ በየዓርቡ ኮፈኑ ይከፈታል፣ ዲንሳ ከወገቡ የተቆረጠ ሃይላንድ ገልብጦ ይይዛል፣ አባቴ ቀስ እያለ ያንቆረቁራል። አንድ ቀን ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የጋገረውን ነጭ ነገር አሳይቼው ራዲያተሩም ውስጥ እንዲህ ነው የሚሆነው አልኩት። ሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ከዚህ የቀለለ ትምህርት የለኝም። ማንቆርቆሪያውን አየ፣ እኔን አየኝና «ከብቶቼ ኬሚስትሪ ሳይማሩ ነው የወፈሩት» አለኝ። እናቴ ሳቀች። አንድ ነገር ሁለቴ ማስረዳት ከክፍል ውጭ አልወድም፤ ተውኩት።

ሐሙስ የሆነው ይህ ነው። አጀቡ ጉደርን አልፎ ዳገቱን ሲጀምር፣ ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ ከፊት ባለው ፒክአፕ ላይ ቆሞ «ቀስ! ቀስ!» እያለ ስለሚያስነዳቸው፣ የሙቀቱ መርፌ ወደ ላይ ወጣ። ዲንሳ ለአባቴ ደወለ። እናቴና እኔ እዚያው አቮካዶው ሥር ነበርን፣ ስልኩ ላውድ ላይ ነበር። «ኤሱማ፣ ሙቀቱ እየወጣ ነው፣ ልቁም?» አለ። ኤሱማ የእናት ወንድም ነው፤ ዲንሳ አባቴን በስሙ ጠርቶት አያውቅም። አባቴ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «ሙሽራ ጭነህ መንገድ ላይ ልትቆም? ሰው ምን እንዲላቸው ነው? ቀጥል!» አለው። የሙሽራ መኪና መንገድ ላይ ከቆመ ትዳሩ አይሰምርም የሚል ወሬ አለ፤ እንዲህ የቆመች መኪና ደግሞ ሁለተኛ የሚከራያት የለም። ዲንሳ ቀጠለ። ሙቀቱን ከሞተሩ ለመሳብ ብሎ የውስጡን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ የሙሽራዋ ኩል በጉንጯ ወረደ፣ ሚዜዎቹ ተሳደቡ፣ ከዚያ ጭሱ ኮፈኑን ሸፈነው። ሙሽሮቹ ጌዶ የገቡት በሚኒባስ ነው። መኪናዋ አምቦ የተመለሰችው ዓርብ በአይሱዙ ተጎትታ።

ቅዳሜ ቁርስ ላይ አባቴ ለመካኒኩ የማስፈቻ ብር ሰጠኝና «ሂጂ፣ ምን እንደሆነች በዓይንሽ አይተሽ ንገሪኝ» አለኝ። ራሱ ለምን እንደማይሄድ አልጠየቅኩትም። እናቴ እንቁላሉን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው፣ ከዚያ ወደ አባቴ፣ ከዚያ መልሳ መሃል አደረገችው። «አባ፣ የእጃጂውን ዛፍ ለምንድን ነው የምታስገምተው?» አልኩት። ዳቦውን ቆረሰ። «ከሰዓት ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ያኔ ትሰሚያለሽ።» 

ጋራዡ ወደ ጉደር በሚያወጣው አስፋልት ዳር ነው። መኪናዋ ኮፈኗ ተከፍቶ ቆማለች፣ የሙሽራ ሪባኑና የፕላስቲክ አበባው ገና አልወረደላትም። ዲንሳ ከጎኗ ቁጢጥ ብሎ ብሎኖች በናፍጣ ያጥባል። መካኒኩ ያሕያ አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው፣ የትም ቢያገኘኝ ቲቸር እያለ ያሾፍብኛል።

«ቲቸር፣ ነይ እስቲ እይልኝ። ይቺ መኪና ናት ማንቆርቆሪያ?»

የራዲያተሩን አፍ በባትሪ አበራልኝ። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዟል፤ ቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ግማሾቹ ጭራሽ ተደፍነዋል። በጠፍጣፋ መፍቻ ፋቅ ፋቅ አድርጎ መዳፌ ላይ አራገፈልኝ።  ከዚያ ዋጋውን አንድ በአንድ፣ በደስታ ይቆጥርልኝ ጀመር። ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ፣ በሙቀት ተጣሟል፤ አዲስ አበባ ቶርኖ ቤት ሄዶ መላግ አለበት። ጋስኬቱ ከነሙሉ ሴቱ መገዛት አለበት። ራዲያተር አዲሱ አይታሰብም፣ ያገለገለ ይፈለጋል። የውሃ ፓምፑ፣ ሞተሩ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ ቤልቱ፣ ዘይቱ፣ የእጅ ዋጋው። «ሁለት መቶ ሺህ ያዢ። ብሎኩ ካልተሰነጠቀ ነው እንግዲህ። ከተሰነጠቀ ሞተር ነው፤ ሞተር ደግሞ ግማሽ ሚሊዮን አልፏል፣ እሱም ከተገኘ። የዚች ዓይነት መኪና ዕቃ እንደ ቪትዝ ዕቃ በየመንገዱ አይወድቅም።»

በዚህ መሃል አባቴ ደወለለት። ያሕያ ቀና ብሎ ድምፁን አስተካከለ። «ኦቦ ሌታ፣ አካም ቡልተኒ? ... አዎ፣ ፈትቻታለሁ። ... ቴስታታ ነው። ... እንግዲህ ልጁ ሙቀቱ ከወጣ በኋላ ብዙ ነድቷታል፣ እሱ ነው የጨረሳት። ... ራዲያተሩ? ራዲያተሩማ ያው አርጅቷል፣ ዕድሜ ነው። ... ኢሺ፣ ኢሺ ኦቦ።»

ስልኩን ሲዘጋ መዳፌን ከነቅርፊቱ አፍንጫው ሥር ያዝኩለት። «ይሄ ዕድሜ ነው?»

«ቲቸር ሙች፣ አትጣይኝ። ኦቦ ሌታን ‹ያበላሿት እርስዎ ነዎት› ብዬ ሥራውን ለማን ልሠራው ነው? ነገ አስጎትቶ ሌላ ጋራዥ ይወስዳታል።» ወደ ዲንሳ ዞረ። «ደግሞ ነድቷል፤ አልነዳህም?»

«ነድቻለሁ» አለ ዲንሳ፣ ከብሎኑ ቀና ሳይል።

ወደ ቤት በእግራችን ነው የተመለስነው። የቅዳሜ ገበያ ስለሆነ አስፋልቱ በጋሪና በበግ ተጣቧል፤ ድንች የምትሸጥ ሴት በኦሮምኛ ጠርታን በአማርኛ ዋጋ ተከራከረችን፣ ዲንሳ ለእናቴ ብሎ ገዛ። አባቴ ዛፉን ሊያስቆርጠው እንደሆነ ነገርኩት። የሚያውቅ መሰለኝ፤ እርምጃው አልተለወጠም። ታዲያ ከሰዓት ምን ልትል ነው አልኩት። «ምን እላለሁ?» አለ። ሆራውን ማን እንደሞላው፣ ሲደውል ማን ቀጥል እንዳለው ተናገር አልኩት። የድንቹን ፌስታል ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ዱሬቲ፣ ኤሱማን ሰው ፊት አላዋርድም። እናቴ ያመማት ጊዜ ማን አሳከማት? የታናሼን ዩኒፎርም ማን ነው የሚገዛው?»

«ስለዚህ የባጃጁን ብር ይውሰድብህ?»

«አንቺ ብትናገሪ አልከለክልሽም» አለና ፈገግ አለ። «አንቺን ማን ይችልሻል?»

ይህን እንደ ፈቃድ ወሰድኩት። እኔ ከተናገርኩ እሱ ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ አላዋረደም ማለት ነው። ተስማምቶ ነው ብዬ ነበር የገባሁት።

ሽማግሌዎቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጡ። ኦቦ ኤቢሳ የአባቴ የቀድሞ የከብት ንግድ ሸሪክ ነው፤ ጋሽ ሙሂዲን ደግሞ ከአጥራችን ቀጥሎ ሱቅ ያለው፣ ከስልጤ መጥቶ እዚሁ ልጆች ወልዶ ያሳደገ ጎረቤታችን። ሳሎናችን ጠባብ ነው፤ አባቴ መኪናዋን በገዛበት ሰሞን የገዛው ሶፋ ጥጉን ሁሉ ስለያዘ የሰው ጉልበት ከጠረጴዛው ጋር ይጋጫል። ዲንሳ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ለስላሳ ከፍታ አዞረችና ከቁምሳጥኑ ጎን ቆመች። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ስኳር መጥፋት፣ መንገዱ በየትኛው ሳምንት ክፍት እንደነበር ብዙ ተወራ። ኦቦ ኤቢሳ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ጨርሶ ነው ወደ ጉዳዩ የገባው።

«ዲንሳ፣ ንብረት ተሰጥቶህ ነበር። የት አለ?»

«ጋራዥ ነው፣ ኦቦ።»

«እንዴት ሄደ? በእግሩ?»

ጋሽ ሙሂዲን ሳቁን ዋጠ። «ሙቀት ሲወጣ አይታይም እንዴ የኔ ልጅ? እኔ የሱቄ ፍሪጅ ሲሞቅ እንኳ ከደጅ ሆኜ ያስታውቀኛል።»

«አይቻለሁ። ደውዬ ነበር።»

«ደውሏል» አለ አባቴ። «እኔ መኪናው ውስጥ ነበርኩ? መሪው በማን እጅ ነበር?» ዲንሳ በእኔ አለ። አባቴ እጆቹን ዘረጋ፣ በቃ ሰማችሁ እንደማለት። ከዚያ ያሕያ የነገረውን ሁሉ ደገመው፤ ሁለት መቶ ሺውን፣ ግማሽ ሚሊዮኑን፣ ልጁ እያየ እንደነዳት። ድምፁ የተቆጣ አይመስልም፣ ያዘነ ነበር፤ እንዲያውም ያመነበት መሰለኝ። ኦቦ ኤቢሳ ጢሙን ሲያሻሽ ቆይቶ ቀድሞ የተዘጋጀ ነገሩን አወጣ፤ ዛፉ ይቆረጥ፣ ብሩ ለመኪናዋ ይሁን፣ መሬቱ ግን የልጁ ይቅር። «ባህር ዛፍ ነው፤ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል።»

«በስንት ዓመት?» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እናቴ «ዱሬቲ» አለች። ቆምኩ፤ ተቀምጬ መናገር አልችልበትም።

«መኪናዋን የገደላት ሆራ ነው። የሞላው አባቴ ነው። በየዓርቡ፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ፤ ዲንሳ ሃይላንዱን ይይዝለታል፣ እማዬ ታያለች፣ እኔ አያለሁ። ዛሬ ያሕያ ራዲያተሩን ከፍቶ አሳይቶኛል፣ ተደፍኗል። ሐሙስም ዲንሳ ልቁም ሲል ቀጥል ያለው አባቴ ነው። ስልኩ ላውድ ላይ ነበር።»

ከውጭ የጎረቤት ወፍጮ ይሰማል። ጋሽ ሙሂዲን የጠርሙሱን ቆርኪ በጠረጴዛው ላይ ያሽከረክራል። እናቴን አየኋት፤ የትሪውን ጠርዝ በጨርቅ እየወለወለች ነበር፣ ንጹሕ ትሪ። አባቴ እኔን አላየኝም፤ ወደ ኦቦ ኤቢሳ ዘወር አለ።

«ኤቢሳ፣ ሆራ ጠጥቶ የሞተ ከብት አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም።»

«ከብት አይደለችም እኮ!» አልኩ። ጮህኩ መሰለኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ቁጭ በይ» አለ ኦቦ ኤቢሳ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ ልጄ ሆይ እንደሚል ሰው። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ያየሽውን ተናግረሻል። አሁን ደግሞ የነበረውን ልጅ እንጠይቀው። ዲንሳ፣ ኤሱማህ መኪናዋን ሆራ ሲያጠጣት አይተሃል?»

ዲንሳ እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል አጣብቆ ወለሉን አየ። ጥፍሮቹ ሥር ጠዋት ያጠበበት ናፍጣ አለ። በሕይወቴ አንድ ቃል እንዲህ አጥብቄ ጠብቄ አላውቅም። አዎ ማለት ብቻ ነበር። አዎ እንኳ ባይል ዝም ቢል ይበቃ ነበር።

«አላየሁም» አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ውሃ የምሞላው እኔ ነኝ። የቧንቧ ውሃ ነው።»

አባቴ ያኔ ቀና ብሎ አየው። ግማሽ ሰከንድ የሚሆን፣ ዓይኑ ልክ ገበያ ላይ በሬ ሲገምት እንደሚያደርገው ከራሱ እስከ እግሩ ወረደበት። ልጁ ለእሱ ብሎ እንደዋሸ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። «ተው አንተ ልጅ» ቢል ያን ሁሉ ማፍረስ ይችል ነበር፣ ሽማግሌዎቹም ደስ ብሏቸው ስቀው ይሄዱ ነበር። ጠርሙሱን አነሳ፣ የቀረውን ጨለጠው፣ በእጁ ጀርባ አፉን ጠረገ።

«ልጅ ነው» አለ። «ይቅር ብዬዋለሁ።»

«ይኸው!» አለ ጋሽ ሙሂዲን፣ ቀለል ብሎት። «አባት እንዲህ ነው። የአሱር ሶላትም ደረሰብኝ፤ እንጨርስ።» ዛፉ ሰኞ እንዲቆረጥ ተባለ። ከእኔ በኩል ስለተባለው ነገር ማንም ምንም አላለም፤ አልዋሸሽም፣ ዋሽተሻልም አላሉኝም፤ ልጅ ሳሎን ውስጥ ኳስ ነክቶ ጠርሙስ ሲያወድቅ ጠርሙሱን አንስተው ወሬያቸውን እንደሚቀጥሉት ነው የቀጠሉት። ዲንሳ ተነስቶ በጠባቡ መካከል ጎንበስ አለና የአባቴን ጉልበት ሳመ። አባቴ እጁን ራሱ ላይ አሳረፈለት። ሲመለስ በአጠገቤ አለፈ፣ ከድንቹ ገበያ ጀምሮ እንዳልተያየን ሁሉ ዓይኑን ከእኔ አራቀ። ተቆጥቶኝ እንደሆነ፣ አፍሮ እንደሆነ አላወቅኩም፤ በዚያች ሰዓት ማወቅም አልፈለግኩም። ለሰው ብዬ የቆምኩ መስሎኝ ነበር፤ ሰውየው ግን አብሮኝ አልቆመም።

ኦቦ ኤቢሳ ለምርቃት ቆመ። ሁሉም መዳፋቸውን ዘረጉ፣ እናቴም ትሪዋን አስቀምጣ ዘረጋች። በምርቃት መሃል ሰው አይንቀሳቀስም፤ ይህን ለሕፃን እንኳ አያስተምሩትም፣ አብሮት ነው የሚወለደው። «ነገሩ ይብረድ» አለ ኦቦ ኤቢሳ። «ሃ ታኡ» አሉ፤ ጋሽ ሙሂዲን «አሚን» አለ። «ቤቱ ይሙላ።» «ሃ ታኡ።» «መኪናዋ ትነሳ፣ ሙሽራ ትጫን።» «ሃ ታኡ።» ከሁሉም ድምፅ በላይ የሚሰማው የዲንሳ ነበር። «የተቆረጠው ያቆጥቁጥ» አለ ኦቦ ኤቢሳ።

ተነሳሁ። ጉልበቶቹና ጠረጴዛው መካከል መንገድ ስላልነበረ የአባቴን እግር ረግጬ ነው ያለፍኩት። እናቴ እጇን እንደዘረጋች፣ ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቅሳ ስሜን ጠራችኝ። ኦቦ ኤቢሳ ምርቃቱን አላቋረጠም። ዲንሳ ለማለፍ እንዲመቸኝ ዱካውን ወደ ግድግዳው ሳብ አደረገልኝ። ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።